ከግንቡ የሸሸች ባቄላ

ሰባት ወንዝ ተሻግሮ ስምንተኛው ላይ እግሩን የታጠበ ሰው ብቻ የሚያውቃት አንዲት አገር ነበረች። ስሟን መጥራት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የአገሬው ሰው ራሱ ስሟን ከመጥራቱ በፊት ግራና ቀኝ ስለሚያይ፣ ሳይጠራ ቢታለፍ ይሻላል።

የዚያች አገር ንጉሥ ሰው አያምኑም ነበር። ሰው ፊት ለፊት እጅ ይነሳል፣ ዞር ሲል ያሽሟጥጣል። ስለዚህ ከንጉሡ አያት ዘመን ጀምሮ ታማኝነት የሚጠየቀው ከሰው ሳይሆን ከባቄላ ነበር። ክረምቱ በወጣ በሳምንቱ ለየቤቱ አንዳንድ የባቄላ ፍሬ ይታደላል። ባለቤቱ በማሰሮ ይተክላታል፤ ማሰሮው ቤተ መንግሥቱን በሚያየው ደጅ ይቀመጣል፤ በአርባኛው ቀን መርማሪ መጥቶ ይለካታል። ባቄላዋ ወደ ቤተ መንግሥቱ ካዘነበለች ቤቱ «ወዳጅ» ይባላል። ቀጥ ብላ ከቆመች «ተጠርጣሪ»። ወደ ሌላ አቅጣጫ ካዘነበለች ግን «ከዳተኛ»። በሕጉ የመጀመሪያ መስመር ላይ እንደተጻፈው፣ ቡቃያ ወደሚወደው ያድጋልና።

ይህን ሕግ የሚያስፈጽሙት ባለሥልጣን አፈ ቅጠል ወንድይራድ ይባሉ ነበር። ቅጠል ምላስ ስለሌለው እሳቸው ይናገሩለታል። በሠላሳ ዓመት አገልግሎታቸው አንድም ቅጠል «እንዲህ አላልኩም» ብሎ አቤቱታ አላቀረበባቸውም።

በአፈ ቅጠል ሥር ይርዳው የሚባል መርማሪ ነበር። ይርዳው በጣም ፈሪ ሰው ነው። በሕይወቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ይባላል፤ አንዱ ሲወለድ ነው። ሁለተኛው ወደፊት ይመጣል።

ይርዳው በሙያው ግንበኛ ነበር። ወደ ምርመራ ሥራ ያስገባው ቱምቢው ነው፤ ማለትም ግንበኞች ግድግዳ መቃናቱን የሚያዩበት፣ ጫፉ ላይ ብረት የተንጠለጠለበት ክር። አንድ ቀን አፈ ቅጠል በግንቡ ሥር ሲያልፉ አዩትና፣ «ይህ ነገር የባቄላ ልብም ያሳያል?» ብለው ጠየቁ። ይርዳው «አያሳይም» ለማለት ድፍረት አላገኘም። ከዚያን ቀን ወዲህ ክሩን ከባቄላዋ ጫፍ ላይ ያንጠለጥላል፣ ብረቱ ከግንዷ ስንት ጣት ርቆ እንደወደቀ ይቆጥራል፣ ጸሐፊው ይጽፋል። ምርመራው ሲያልቅ ደግሞ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል፤ በዚያው ቱምቢ የቤተ መንግሥቱን ግንብ ከፍ ያደርጋል።

ምክንያቱም ግንቡ በየዓመቱ ከፍ ይል ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ሩቅ ሰፈር ያሉ ባቄላዎች የቤታቸውን ግድግዳ ተጠግተው ስለሚቆሙ፣ ከግድግዳው ሸሽተው ብርሃን ወዳለበት ወደ ውጭ ያዘነብላሉ። በውጭ በኩል ያለው ቤተ መንግሥቱ ነው። ስለዚህ ንጉሡን ከሁሉ አብልጠው የሚወዷቸው፣ ንጉሡን አይተዋቸው የማያውቁት ሰዎች ሆነው ተገኙ። ከግንቡ ሥር ያሉት ባቄላዎች ደግሞ የግንቡ ጥላ ተጭኗቸው ስለሚያድሩና ስለሚውሉ ጀርባቸውን ለግንቡ ሰጥተው ይሸሻሉ። አፈ ቅጠል ይህን አይተው፣ «ከዳተኞቹ ሁሉ ከደጃችን ነው የተሰበሰቡት» አሉና ንጉሡን ከእነሱ ለመጠበቅ ግንቡ ይጨመርበት ብለው አዘዙ። ግንቡ ሲጨመር ጥላው ረዘመ። ጥላው ሲረዝም ከዳተኞቹ አንድ ሰፈር ጨመሩ። ከዳተኞቹ ሲጨምሩ ግንቡ እንደገና ተጨመረ።

ፀሐይን ማንሳት ክልክል ነበር። ባቄላ በፀሐይ ያዘነብላል ማለት ንጉሡንና ፀሐይን ማወዳደር ነው፤ ማወዳደር ደግሞ ፀሐይ ልትበልጥ ትችላለች ብሎ መጠርጠር ነው።

ሕዝቡ ግን ሞኝ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ማሰሮውን በየጠዋቱ ያዞር ነበር። የማሰሮ ሕግ ወጣና ማሰሮዎቹ ሁሉ ከመሬት ጋር በጭቃ ተለሰኑ፤ ማሰሮ ያነቃነቀ ቤቱን ያጣል። ቀጥሎ ሰው በግንቡ በኩል መስታወት እየደገፈ ብርሃኑን ማታለል ጀመረ። መስታወት ተከለከለ፤ በዚያ ዓመት የአገሩ ሰው ሁሉ ፀጉሩን በግምት አበጠረ። ከዚያ ድስት መክደኛ እየተወለወለ ወጣ። መክደኛ ሁሉ ጥላሸት እንዲቀባ ታዘዘ።

ከግንቡ ሥር፣ ከሁሉም ቅርብ በሆነው ግቢ ውስጥ፣ የይርዳው ታላቅ እህት አንጓች ትኖር ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የማይሞትባት ሴት ነች። የምትኖረው ባሏ በተከለው ጌሾ ነው። ደጇ ፀሐይ የሚያየው ከስድስት ሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ ፀሐይዋም በምዕራብ በኩል በጎጆዋ ጣሪያ ላይ አልፋ ትመጣለች። ባቄላዋ ሁለት ዓመት ተከታትላ ከዳተኛ ሆነች። የሰፈሩ ውሃ የሚመጣው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ከሚነሳው ምንጭ ስለሆነ፣ ለቅጣት ሁለቱንም ዓመት ቦዩ ተዘጋባትና ጌሾዋን በእንስራ ከወንዝ ውሃ እያመላለሰች አጠጣች። ለሦስተኛ ጊዜ የከዳ ቤት ግን ውሃው ለዘለዓለም ይዘጋል፣ ጎጆው ይፈርሳል፣ ድንጋዩ ወደ ግንቡ ይገባል። የሚያስገባው ይርዳው ነው።

ምርመራው አምስት ቀን ሲቀረው ይርዳው እህቱን ሊጠይቅ ሄደ።

«እታበባ፣ ዘንድሮ እንዴት ናት?»

«ማን? እኔ ወይስ ባቄላዋ?»

«ባቄላዋ።»

«እሱማ ነው። እኔን ማን ይጠይቀኛል።»

ይርዳው ማሰሮው ዘንድ ቁጢጥ አለ። ባቄላዋ ቀጭን፣ ረጅም፣ ፈዛዛ ነበረች። ግንቡን አኩርፋ ወደ ጎጆው ጣሪያ ተጠማዝዛለች። ቱምቢውን ማውጣት እንኳ አላስፈለገውም።

«ሦስት ጣት ተኩል» አለ በሹክሹክታ።

«አምና ሦስት ነበረች። አምና ግንቡ ስንት ረድፍ ጨመረ?»

«ሰባት።»

«ማን ጨመረው?»

ይርዳው የማሰሮውን አፈር በጣቱ ያስተካክል ጀመር።

«ጠዋት ጥላውን ትሠራልኛለህ፣ ከሰዓት በጥላው ትከሰኛለህ» አለች አንጓች። «ሁለት ሥራ የያዘ ወንድም መቼም ያኮራል።»

«በቀጭን ክር ወደ ግንቡ ሳብ አድርገን ብናስራትስ? ማታ ማታ እፈታታለሁ።»

«የመጀመሪያዋ ከዳተኛ ባቄላዬ ምን እንደሆነች ታውቃለህ?»

ይርዳው ያውቃል። ያን ጊዜ እንዲጠብቃት የተመደበው እሱ ነው። በዚያ ዓመት ከዳተኛ ባቄላዎች ገና ይታሰሩ ነበር። ለቅጣት በጎናቸው ተጋደሙ፤ በሦስተኛው ቀን ጫፋቸውን ቀና አድርገው ተገኙ። በሌላ ጎን ተጋደሙ፤ እንደገና ቀና አሉ። የወህኒ ቤቱ አለቃ ደነገጡ። ከዚያ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ባላት ክፍል ተከተቱ፤ በሳምንቱ አርባ ሁለቱም እስረኛ ባቄላዎች አንገታቸውን ወደ ቀዳዳዋ አስግገው ተገኙ። አለቃው ይህ አድማ ነው ብለው ቀዳዳዋን በጨርቅ ደፈኑ። በጨለማው ውስጥ ባቄላዎቹ ነጡ፣ ከሱ፣ ነገር ግን በእጥፍ ረዘሙ፤ ጣሪያውን በጫፋቸው ይዳስሱ ጀመር። አለቃው በዚያው ሳምንት ሥራቸውን ለቀቁ። ከዚያ ወዲህ የሚቀጣው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ ሰው ቢያንስ ሲያጋድሙት ይጋደማል።

«አስታውሳለሁ» አለ ይርዳው።

«እንግዲያው ክርህን ያዝ። እኔ ባቄላ አላስርም። ለመሆኑ ሦስተኛ ጊዜ የተከሰሰ ሰው ምስክር ይጠራል አይደል?»

«ምስክር ቅጠል። አዎ። ከአገሩ ካለ ቅጠል የፈለገውን አንድ መጥራት ይችላል። ግን እኮ ማንንም አድኖ አያውቅም። አምና አንዲት ሴት የአጎቷን ባቄላ ጠርታ ያችም ከዳተኛ ሆና ተገኘች፤ አጎትየውም ውሃ አጡ።»

«እኔ ዘመዶቼን አላስነካም። አንተ ብቻ ቱምቢህን በእውነት ያዝልኝ።»

«እኔ በውሸት ይዤው አላውቅም፣ እታበባ።»

«እሱን ነው የፈራሁት። እሱን ነው የተማመንኩትም።»

በአርባኛው ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሸንጎው በአንጓች ግቢ ተቀመጠ። አፈ ቅጠል ወንድይራድ የማዕረግ ካባቸውን ለብሰው መጡ፤ ካባው ላይ የተሰፋው ቅጠል የደረቀ በመሆኑ ሲራመዱ ይንኮሻኮሻል። ጎረቤቱ በአጥሩ ዙሪያ ቆመ። ይርዳው ክሩን አንጠለጠለ፣ ብረቱ ረጋ፣ በጣቱ ቆጠረ።

«ሦስት ጣት ተኩል» አለ።

«ወዴት?»

«ከ... ከግንቡ ሸሽታ።»

«አልሰማሁም።»

«ከግንቡ ሸሽታ ነው ያለው፣ ጌታዬ» አለች አንጓች። «ወንድሜ ድምፁ ትንሽ ነው። እናታችን ለእኔ ጨርሳ ሰጥታ ነው የወለደችው።»

በአጥሩ ዙሪያ ሰው ሳቀ። አፈ ቅጠል ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁና፣ «ሦስተኛ ጊዜ ነው» አሉ። «ምስክር ቅጠል የመጥራት መብት አለሽ። ጥሪና እንጨርስ። ድንጋይ የሚሸከሙት ሰዎች ውጭ እየጠበቁ ነው።»

«እጠራለሁ። በዙፋኑ አዳራሽ ያለችውን የንጉሡን ባቄላ ትመስክርልኝ።»

የንጉሡ ባቄላ ከዙፋኑ ፊት ለፊት፣ ሁለት እርምጃ ርቃ፣ በብር በተለበጠ ማሰሮ የምትተከል ነች። በየዓመቱ ሳትለካ «የወዳጆች ወዳጅ» ትባላለች።

«እሷ አትለካም» አሉ አፈ ቅጠል።

«አትለካም የሚል ሕግ አለ፣ ጌታዬ?»

አፈ ቅጠል ወደ ጸሐፊው ዞሩ። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ፣ አነበበ፣ ሌላ ገጽ ገለጠ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የሚገኘው እንዲህ የሚል ነው። በማናቸውም ስፍራ ያለ ማናቸውም ባቄላ፣ የጥላንም ሆነ የማዕረግን ምክንያት ሳያቀርብ፣ ያለ ልዩነት ይለካል።»

«ይህን የማይረባ ነገር ማን ነው የጻፈው?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ። አምና። ሰዎች ጥላ ነው እያሉ ሲያስቸግሩ።»

አፈ ቅጠል ካባቸውን እያንኮሻኮሹ መዝገቡን ራሳቸው አገላበጡ።

«መልካም» አሉ አፈ ቅጠል በመጨረሻ። «እንግዲያው ማሰሮዋ ወደዚህ ትምጣ።» መንገድ ላይ ማሰሮዋን እንዴት እንደሚያዞሯት በሆዳቸው እያሰቡ ነበር።

«የማሰሮ ሕግ» አለ ጸሐፊው በትሕትና። «ማሰሮ ያነቃነቀ ቤቱን ያጣል። በሕጉ የንጉሡ ቤት ማለት ደግሞ አገሪቱ ማለት ነው።»

ስለዚህ ሸንጎው ራሱ ወደ ባቄላዋ ወጣ። አፈ ቅጠል ከፊት፣ ጸሐፊው ከኋላቸው፣ አንጓች ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለች፤ ይርዳው ከሁሉ ኋላ ቱምቢውን እንደ ጫጩት በሁለት እጁ አቅፎ ሄደ። ያን አዳራሽ ከዚያ በፊት ከውስጥ አይቶት አያውቅም። ረጅም ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፤ በምሥራቁ ጫፍ ዙፋኑ፣ በምዕራቡ ጫፍ ደግሞ አንዲት መስኮት ብቻ አለች። ንጉሡ ዙፋኑ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። በጣም ያረጁ፣ በጣም ትንሽ ሰው ነበሩ።

ባቄላዋ መለካትም አያስፈልጋት። ጀርባዋን ለንጉሡ ሰጥታ አንገቷን ወደ መስኮቷ ዘርግታለች።

ይርዳው ተንበርክኮ ክሩን አንጠለጠለ። ብረቱ እስኪረጋም ጠበቀ። አፈ ቅጠል ጎንበስ ብለው ጆሮው ላይ፣ «ልጄ፣ ጣት ሁሉ እኩል አይደለም፤ አስበህ ቁጠር» አሉት። ይርዳው የእህቱን ጎጆ፣ ጌሾዋን፣ በሯ ላይ የቆሙትን ድንጋይ ተሸካሚዎች አሰበ። አሥራ አምስት ዓመት ግንብ ሲገነባ አንድም ድንጋይ አጣሞ አላስቀመጠም፤ ያለችው ኩራት ይህችው ነበረች።

«አራት ጣት» አለ በአፍንጫው።

ንጉሡ ነቁ። «ምን አለ?»

«ምንም አላለም፣ ጃንሆይ» አሉ አፈ ቅጠል።

«አፉ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ምን አልክ አንተ?»

እነሆ ሁለተኛው ጊዜ።

«አራት ጣት ነው ያልኩት፣ ጃንሆይ» አለ ይርዳው፤ ድምፁ አዳራሹን ሞልቶ ተመልሶ ራሱን አስደነገጠው። «ከእርስዎ ሸሽታ። ከእህቴ ባቄላ በግማሽ ጣት ትብሳለች።»

ንጉሡ ከዙፋናቸው ጎንበስ ብለው ባቄላዋን ተመለከቱ።

«በየዓመቱ ጀርባዋን ነው የማየው» አሉ። «ወንድይራድ፣ እየሰገደች ነው አላልከኝም ነበር? እኔ እኮ አንዳንዴ፣ ሰው ሲሰግድ ፊቱ ወደ ተሰገደለት አይደለም እንዴ እያልኩ አስብ ነበር። ኋላ የባቄላ ወግ ይሆናል ብዬ ተውኩት።»

አፈ ቅጠል ባቄላዋ ዋሸች እንዳይሉ ሕጉ ሊፈርስ ነው፤ እውነት ተናገረች እንዳይሉ የንጉሡ ቤት ከዳተኛ ሊሆን ነው። ግን ሠላሳ ዓመት በቅጠል አፍ የተናገረ ሰው መውጫ አያጣም።

«ጃንሆይ፣ ቅጠል አይዋሽም» አሉ። «ባቄላዋ ያዘነበለችው በትክክል ወደ ንጉሡ ስፍራ ነው። ንጉሡ ናቸው እስከ አሁን ወደዚያ ያልደረሱት።»

«ወዴት?»

ስፍራው የት እንደሆነ ለማወቅ ክር ተዘረጋ። ከማሰሮው ተነስቶ፣ በባቄላዋ ጫፍ በኩል፣ በመስኮቷ ወጥቶ፣ ግንቡን ተሻግሮ ወረደ። ጫፉ ያረፈው አንጓች ጌሾ መሐል ነው።

«ጌሾዬን አትርገጡብኝ» አለች አንጓች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ንጉሡ ከነወንበራቸው ወደ አንጓች ግቢ ወረዱ። ወንበሩ የተቀመጠው በባቄላዋና በጎጆው መካከል በመሆኑ አንጓች ወዲያው ወደ ንጉሡ ያዘነበለች ባቄላ ባለቤት ሆነች። ጸሐፊው «ከዳተኛ» የሚለውን ሰርዞ «ወዳጅ» ብሎ ጻፈ። ቦዩ ተከፈተ። ድንጋይ ተሸካሚዎቹ ባዶ እጃቸውን ወደየቤታቸው ሄዱ፤ አንዱ ብቻ፣ «ታዲያ ለምን ከጠዋት ጀምሮ አስቆማችሁን?» እያለ አጉረመረመ።

ንጉሡ በማግሥቱ ጠዋት ጋቢ አስመጡ። በሁለተኛው ቀን ሁለተኛ ጋቢ ደረቡ። አንጓች በዙሪያቸው እየኮተኮተች፣ «ጃንሆይ፣ እግርዎን ያንሱልኝ፣ ሥር ላይ ነው» ትላቸዋለች፤ ያነሳሉ። ከሰዓት በኋላ ብርሃን በጣሪያው በኩል ሲገባ ወንበራቸውን ትንሽ ወደዚያ ይገፋሉ። ማንም ሳያዛቸው ነው የሚገፉት። አንጓች ይህን አይታ ወንድሟን በክርኗ ጎሸመችው።

በሦስተኛው ቀን ንጉሡ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ «ፀሐይ ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትወጣው?» ብለው ጠየቁ።

ቃሉ የተከለከለ ስለሆነ ሁሉም መሬት መሬት አየ።

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጃንሆይ» አለች አንጓች።

«አሁን ስንት ነው?»

«አራት ሰዓት።»

«ታዲያ የት አለች?»

«ጃንሆይ» ብለው ጀመሩ አፈ ቅጠል፣ «ፀሐይ ከክብርዎ የተነሳ አፍራ...»

«ከግንቡ ኋላ ናት» አለ ይርዳው። በዚህ ጊዜ አልጮኸም፤ በተለመደችው ትንሽ ድምፁ ነው የተናገረው፤ ግን ሁሉም ሰማ። «ግንቡን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ጃንሆይ። በጣም ቀጥ ያለ ነው።»

ንጉሡ ቀና ብለው ግንቡን አዩት። ከዚህ በኩል አይተውት አያውቁም ነበር። «ቀጥ ያለስ ቀጥ ያለ ነው» አሉ። «ግን በረደኝ። ዝቅ አድርገው።»

ለማፍረስ ቱምቢ አያስፈልግም። ይርዳው ቱምቢውን ኪሱ ከቶ ወጣና ከላይ ያለውን የመጀመሪያ ድንጋይ ገፋው። ግንቡ እስከ ሰው ደረት ድረስ ወረደ። ለእነ አንጓች ታስቦ አይደለም የወረደው፤ የንጉሡ ጀርባ ስለበረደው ነው። ባቄላ ግን ብርሃኑ ለማን ብሎ እንደመጣ አይጠይቅም።

ንጉሡ እንደሞቃቸው ወደ አዳራሻቸው ተመለሱ፤ ዙፋኑን ግን ከመስኮቷ ሥር አስደረጉት። ወዴት አዘንብለው እንደሚቀመጡ እስካሁን የለካቸው የለም።

በዓመቱ፣ በአርባኛው ቀን፣ ይርዳው በእህቱ ደጅ ተንበርክኮ ክሩን አንጠለጠለ። ባቄላዋ አጭር፣ ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ ነበረች። ብረቱ ወርዶ ግንዷ ሥር አረፈ። ክሩና ግንዱ አንድ መስመር ሆኑ። በግንቡ ሥር ባሉት ደጆች ሁሉ እንዲሁ ነበር።

ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ ተጨነቀ። «በሕጉ ቀጥ ያለ ተጠርጣሪ ነው። ሰፈሩን ሁሉ እንዴት አድርጌ ተጠርጣሪ ብዬ እጽፋለሁ?»

«ጻፍ» አለችው አንጓች። «ሰፈሩ አምና ከዳተኛ ነበር። ትንሽ ትንሽ እያልን ነው የምንሻሻለው።»

ተረቴን መልሱልኝ አልልም፤ እናንተ ብቻ ማሰሮውን ከጥላው አውጡት።